የማይዋጋ አስማት ምን ይሠራል?

በዘንድሮው የወላጆች ቀን የእኛ ክበብ ጠረጴዛ በሳይንስ ክበብና በባህል ክበብ መካከል ነበር። አንዲት እናት ከባህል ክበብ የተቀዳላቸውን ቡና እንደያዙ መጡና ጠረጴዛው ላይ የዘረጋነውን ወረቀት ጎንበስ ብለው አነበቡ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጧል። «ልጄ፣ እዚህ ‹አስማት› የሚል ተጽፎ አያለሁ። በትምህርት ቤት ውስጥ የምን አስማት ነው?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ይህኛው ዕቃ የሚሸከም ሰሌዳ ነው» ብዬ ከወረቀቶቹ አንዱን ሰጠኋቸው። ሰሌዳው ክብ ነው፤ ከትልቅ የእንጀራ ምጣድ ይሰፋል፤ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ከሁለት ኩንታል በላይ ይሸከማል፤ ለአንድ ሰዓት ይቆያል። ዝም ብለው አንብበው ሲጨርሱ «ደረጃ ይወጣል?» ብለው ጠየቁ።

«ይወጣል።»

«እኛ አራተኛ ፎቅ ነን። ሊፍቱ ደግሞ ከተበላሸ ከርሟል» አሉና ሳቁ።

እኚህ እናት እኛ ግማሽ ዓመት የፈጀብንን ነገር በሁለት ደቂቃ አደረጉት። «በዚህ ማንን እመታበታለሁ?» ብለው አልጠየቁም። ምን እንደሚችል አነበቡ፤ የት ላይ እንደሚያቆም ጠየቁ፤ ከዚያ ከቤታቸው ችግር ጋር አገናኙት። ይህ ጽሑፍ ስለዚሁ ነው፦ በጨዋታችን ውስጥ ያሉ የማይዋጉ አስማቶች እንዴት እንደሚሠሩና በብልሃት የሚጠቀምባቸው ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል።

ጨዋታው በአጭሩ

የምንጫወተው «ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባለውን የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ ነው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. አወጡት። ከዚያ በፊት በነበሩት የጦርነት ጨዋታዎች አንድ ተጫዋች አንድ ሙሉ ጦር ያዝዝ ነበር። በዚህኛው ግን እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ብቻ ይሆናል፤ ያ ሰው የራሱ ስም፣ ሙያና ድክመት አለው።

ከተጫዋቾቹ አንዱ አጫዋች ነው። በእኛ ክበብ አጫዋቹ እኔ ነኝ። አጫዋቹ «ከፊታችሁ የተዘጋ በር አለ፤ ከበስተጀርባው የሰው ድምፅ ይሰማል» ይላል። ሌሎቹ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። ውጤቱ የማያጠራጥር ከሆነ ነገሩ ይሆናል፤ የሚያጠራጥር ከሆነ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጣላል። እኛ መጀመሪያ ላይ ዳይስ አልነበረንም። ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች በጣሳ ውስጥ ጨምረን አንድ አንድ እያወጣን፣ እየመለስን እንበጠብጥ ነበር። እስካሁንም ጣሳውን የሚመርጡ አሉ።

አስማቱስ? አስማት በዚህ ጨዋታ ውስጥ በሕግ መጽሐፍ ላይ የተጻፈ አንድ አንቀጽ ነው። ተጫዋቹ የሚደግመው ቃል የለም፤ «ተንሳፋፊ ሰሌዳውን አወጣለሁ» ብሎ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። አንቀጹ ከምን ያህል ርቀት እንደሚሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል ይናገራል። እዚህ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች በ2014 እ.ኤ.አ. ከወጣው አምስተኛ እትም የተወሰዱ ናቸው። መጽሐፉ በጫማና በፓውንድ ስለሚለካ እኔ ወደ ሜትርና ኪሎ በግምት ቀይሬዋለሁ። የዚህ እትም መሠረታዊ ሕጎች በ2023 እ.ኤ.አ. ማንም ሰው በነጻ እንዲጠቀምባቸው ስለተለቀቁ ለመጀመር መጽሐፍ መግዛት ግድ አይደለም።

የመገልገያ አስማት

አዲስ ተጫዋች አስማተኛ ሲሆን መጀመሪያ የሚመርጠው እሳትና መብረቅ ነው። ይህ አያስገርምም። እሳት ማንበብ አይፈልግም፤ ይጣላል፣ ያቃጥላል፣ አለቀ። ግን በሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለ አስማተኛ በቀን የሚያወጣቸው አስማቶች ስድስት ብቻ ናቸው፦ አራት የመጀመሪያ ደረጃ፣ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ። እሳቱ ሲያልቅ ልጁ ክንዱን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ከዚህ ሌላ ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው፣ «ካንትሪፕ» የሚባሉት ትናንሽ አስማቶች ቁጥር የላቸውም፤ ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ። ሁለተኛው፣ አንዳንድ አስማቶች ተጨማሪ 10 ደቂቃ ከተሰጣቸው ከስድስቱ ሳይቀነሱ ይወጣሉ። ጊዜ ያለው ሰው አቅሙን ይቆጥባል ማለት ነው። በእነዚህ ሁለት በሮች ከሚገቡት አብዛኞቹ የማይዋጉ ናቸው፦ ዕቃ የሚያነሱ፣ የሚጠግኑ፣ የሚሸከሙ፣ የሚያስጠነቅቁ። እንደ ቤት መገልገያ ዕቃ ስለሆኑ በክበባችን «የመገልገያ አስማት» እንላቸዋለን።

ከላይ የጠቀስኩት ሰሌዳ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ «የቴንሰር ተንሳፋፊ ሰሌዳ» ይባላል። ቴንሰር የጋይጋክስ ልጅ ኧርነስት የሚጫወትበት አስማተኛ ስም ነበር፤ ስሙ የተሠራውም የራሱ የልጁ ስም በእንግሊዝኛ የሚጻፍባቸውን ፊደላት በማዘዋወር ነው። ከአባቱ ጋር ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ልጅ ዛሬ በመጽሐፉ ውስጥ አለ።

ከእስር ቤቱ እንዴት ወጣን?

አሠራሩን ለማሳየት በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የተጫወትነውን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በገደል አፋፍ ላይ አንድ ምሽግ አለ። በውስጡ ካርታ በመሥራት የሚታወቁ ሽማግሌ ታስረዋል፤ እግራቸው ስለታመመ መራመድ አይችሉም። ሴት ልጃቸው ተጫዋቾቹን ለምና ልካቸዋለች። «አባቴን የምትለዩት በምርኩዙ ነው፤ እጀታው የወፍ ራስ ነው፤ ከእጁ አይለይም» ብላቸዋለች። በምሽጉ ውስጥ አርባ ጠባቂዎች አሉ። ተጫዋቾቹ አራት ናቸው፦ ጦረኛ፣ ሰላይ፣ ፈዋሽና አስማተኛ። አስማተኛዋን የምትጫወተው በዚህ ዓመት የገባች የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አራት ለአርባ ውጊያ እንደማያዋጣ ሁሉም ገብቷቸዋል።

ሌሊት በፍሳሽ ቦይ ገብተው ወጥ ቤት ውስጥ ከአንድ ድስት አጣቢ ልጅ ጋር ተፋጠጡ። ልጁ የሚናገረው ቋንቋ ማንም አያውቀውም። አስማተኛዋ ግን ቀደም ብላ፣ ከምሽጉ ውጭ ጊዜ በነበራት ሰዓት፣ «ቋንቋ መረዳት» የተባለውን አስማት አውጥታ ነበር። ይህ አስማት ለአንድ ሰዓት ማንኛውንም ንግግር ያስረዳል፤ ለመናገር ግን አይረዳም። ይሰማል እንጂ አይመልስም። ይህን ሳነብ ሰላዩን የሚጫወተው ልጅ «እኔ ከአያቴ ጋር በስልክ ስናወራ!» አለና ጠረጴዛው በሳቅ ተሞላ። ስንቶቻችን ነን አያቶቻችን በቋንቋቸው ሲያወሩን ሁሉን ሰምተን መልሱ የሚጠፋብን?

አስማተኛዋ ሌላ አስማት አወጣች፦ «ትንሽ ምትሃት»። ይህ ካንትሪፕ ለአንድ ደቂቃ ወይ ድምፅ ወይ የአንድ ዕቃ ምስል ይፈጥራል፤ ምስሉ ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጥም፤ ድምፅም ሽታም የለውም፤ የነካው ሰው እጁ ያልፍበታል። «የሽማግሌውን ምስል አሳየዋለሁ» አለች። አንቀጹን እንድታነበው ነገርኳት። የሚለው «ዕቃ» ነው፤ ሰው አይልም። ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ ምርኩዙን አሳየዋለሁ። እጀታው የወፍ ራስ የሆነውን» አለች። ልጁ ምርኩዙን ሲያይ ወዲያው አወቀው። ክፍሉ የት እንደሆነ፣ ቁልፉ ከተኛው ጠባቂ ራስጌ ላይ እንደተሰቀለ፣ ጠባቂው በትንሽ ድምፅ እንደሚነቃ በራሱ ቋንቋ ነገራት። ገደቡ ባይኖር ኖሮ የማንኛውንም ሽማግሌ ምስል ታሳየው ነበር። ገደቡ ነው የተሻለውን ሐሳብ ያመጣው።

ሁለተኛው ችግር ቁልፉ ነበር። «የአስማተኛ እጅ» የሚባለው ካንትሪፕ 9 ሜትር ድረስ የሚሄድ እጅ ይሠራል። ያልተቆለፈ በር ይከፍታል፣ ዕቃ ያነሳል፣ ያፈሳል። አይመታም፤ ከአራት ኪሎ ተኩል በላይም አያነሳም። የቁልፍ ዘለላ ቀላል ነው፤ ግን ይንሿሿል። ፈዋሹ «ጸጥታ» የተባለ አስማት ነበረው፤ ከመሃሉ በየአቅጣጫው 6 ሜትር በሚደርስ ክብ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ምንም ድምፅ አይኖርም። ችግሩ፣ እጅን የሚያወጣው አስማት ድምፅ ይፈልጋል፤ በጸጥታው ውስጥ የቆመ ሰው አያወጣውም።

እዚህ ላይ እርሳስ ወጣ። ጸጥታው ጠባቂውን መሃል አድርጎ 6 ሜትር ይሸፍናል። እጁ 9 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ አስማተኛዋ ከጠባቂው ከ6 ሜትር በላይ፣ ከ9 ሜትር በታች ርቃ መቆም አለባት። ስምንት ሜትር ላይ ቆመች። እጁ ወደ ጸጥታው ገባ፤ ቁልፎቹ ተጋጩ፤ ማንም አልሰማም። ዳይስ አልተጣለም፤ ሒሳቡ ያለቀ ነበርና።

ሽማግሌው ግን አላመኗቸውም። በእኩለ ሌሊት አራት የማያውቋቸው ሰዎች «እንሂድ» ሲሏቸው ወጥመድ መሰላቸው። ምርኩዛቸው በጠባቂዎቹ ተሰብሮ ጥግ ላይ ተጥሏል። አስማተኛዋ «እጠግነዋለሁ» አለች። «መጠገኛ» የሚባለው ካንትሪፕ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ስብራትን ያለ ምልክት ይገጥማል፤ ግን አንድ ሙሉ ደቂቃ ይፈጃል። ጦረኛው «ጊዜ የለንም!» ብሎ ጮኸ። እሷ ግን ቁጭ ብላ ጠገነችው፤ «አባባ፣ ልጅዎት ናት የላከችን» ብላም ሰጠቻቸው። ሽማግሌውን እንዲያምኑ ለማድረግ ዳይስ ላስጥል አስቤ ነበር። ተውኩት፤ ምርኩዙን የያዘ ሰው ለምን አያምንም?

ከዚያ ተንሳፋፊው ሰሌዳ መጣ። 10 ደቂቃ መጠበቅ ስለማይቻል ከአራቱ የመጀመሪያ ደረጃ አስማቶቿ አንዱን ከፈለች። ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ሽማግሌው ተቀምጠው እንጂ ተኝተው አይሄዱበትም። ሰሌዳው አይገፋም፤ አስማተኛዋ ከ6 ሜትር በላይ ስትርቅ ራሱ ይከተላታል። ስለዚህ ሁልጊዜ እሷ ከፊት፣ ሽማግሌው ከኋላ ናቸው። ሌሎቹ በዙሪያቸው ሆነው መጠበቅ ነበረባቸው። ደረጃውን ወጡ። በግንቡ ላይ ሲደርሱ መንገዱ ፈርሶ ጥልቅ ክፍተት ሆኗል። ሰሌዳው 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ያለውን ነገር አይሻገርም። ሁሉም ዝም አሉ። እስካሁን ሥራ ያልነበረው ጦረኛ «የዘበኞቹን ክፍል በር ልንቀለው?» አለ። በሩ በክፍተቱ ላይ ተነጠፈ። ሕጉ ስለ ሳንቃ ድልድይ አያወራም። ግን ሰሌዳው የሚንሳፈፈው ከመሬት በላይ ከሆነ፣ ሰው የሚራመድበት ጠንካራ ሳንቃ መሬት ነው ብዬ ፈቀድኩ።

የመጨረሻው የውጭው ግንብ ነበር፤ ቁመቱ 12 ሜትር። ጠባቂዎቹ ነቅተው ደረጃውን እየወጡ ነው። አስማተኛዋ «እንደ ላባ መውደቅ» የሚባል አስማት ቀርቷታል፤ የሚወድቁ ሰዎችን አዝግሞ በሰላም ያሳርፋል። ስንት ሰው? እስከ አምስት። እነሱ አራት፣ ሽማግሌው አምስት። ልክ ሞላ ብለው ሲጨበጨብ ድስት አጣቢው ልጅ ከኋላቸው ሮጦ ደረሰ። አንድ ነገር ተናገረ። የሚገባት አንዲት ልጅ ብቻ ናት።

«ምን አለ?» አሏት።

«‹እኔንም› ነው ያለው።»

ስድስት ሆኑ። አንዱ «ልጁን ጀርባዬ ላይ አዝዬው እንደ አንድ ሰው ይቆጠር» አለ። ሕጉ የሚቆጥረው የሚወድቁትን ነው፤ የታዘለም ይወድቃል ብዬ አልፈቀድኩም። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ልጁን መውሰድ አለብን?» አለ። ጠረጴዛው ላይ ጸጥታ ወረደ፤ ያለ አስማት። ከዚያ ጦረኛው ቦርሳውን ከፈተና «15 ሜትር ገመድ አለኝ። እኔ በገመድ እወርዳለሁ፤ የእኔን ቦታ ለልጁ ስጡት» አለ። ከጣሳው ወረቀት አወጣ፦ 14። በቂ ነበር። አምስቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዘለሉ።

በዚያ ሌሊት አንድም ሰው አልቆሰለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? በዚያ ጠረጴዛ ላይ ድሩ ምትሃት፣ እጅ፣ ጸጥታ፣ ሰሌዳ፣ የበር ሳንቃና ገመድ ነበር።

ብልሃትና ማጭበርበር

ወላጆችም መምህራንም «ሁሉም ነገር በምናብ ከሆነ ልጁ ያሻውን አይልም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። አይልም። ብልሃት የሚባለው አንቀጹ በሚለው ውስጥ ሆኖ ማንም ያላየውን በር ማግኘት ነው። ለምሳሌ «ውሃ መፍጠር» የሚባለው አስማት 38 ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ ይሠራል፤ ሁለት ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የቀረው። አንድ ልጅ «ውሃውን በጠላቴ ሳንባ ውስጥ እፈጥራለሁ» አለኝ። አንቀጹ ግን ውሃው ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ እንደሚሞላ ወይም እንደ ዝናብ እንደሚወርድ ይናገራል። ሰው ዕቃ አይደለም። ልጁ ሕጉን እየጣሰው ነበር እንጂ እየተጠቀመበት አልነበረም።

ያው ልጅ በሌላ ሳምንት አንቀጹን እስከ መጨረሻው አነበበው። ዝናቡ 9 ሜትር በ9 ሜትር በሆነ ቦታ ላይ ይወርዳል፤ የተጋለጠ እሳትንም ያጠፋል። የሽፍቶቹ ሰፈር በችቦ ብቻ የሚበራ ነበር። በአንድ ዝናብ ጨለማ አደረገውና ምርኮኞቹን ይዞ ወጣ። ያኔ ሁላችንም አጨበጨብን።

በክበባችን የመገልገያ አስማት ከመውጣቱ በፊት ተጫዋቹ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል።

አንደኛ፣ ችግሩ በእርግጥ ምንድን ነው? «በሩ ተቆልፏል» ሁልጊዜ ችግሩ አይደለም። ችግሩ «ሽማግሌው መራመድ አይችሉም» ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ አንቀጹ ምን ይላል? ርቀቱ፣ ክብደቱ፣ ጊዜው፣ የሚፈልገው ነገር። ጮክ ብሎ ይነበባል።

ሦስተኛ፣ የት ላይ ያቆማል? ያንን ክፍተት የሚሞላው ማን ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ ሌላ ተጫዋች ነው።

አጫዋቹም የራሱ ግዴታ አለው። አንቀጹ የሚፈቅድ ከሆነ የራሱ ዕቅድ ቢበላሽም ይፈቅዳል። እኔ በዚያ ምሽግ በር ላይ ትልቅ ውጊያ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁለት ማታ የሠራሁበት። አልተጠቀምኩበትም። አንቀጹ ዝም ካለ ደግሞ አጫዋቹ ይወስናል፤ ውሳኔውም ለሁለቱም ወገን ይሠራል። ሳንቃ መሬት ነው ብዬ ለተጫዋቾቹ ከፈረድኩ፣ ነገ የጠላት አስማተኛ በሳንቃ ላይ ሰሌዳውን ቢያሻግር መከልከል አልችልም። ትንሽ አስማት የትልቁን ሥራ እንዲሠራ መፍቀድም አይገባም፤ ካለዚያ ትልቁን ለመማር የደከመ ሰው ይበደላል።

ሌሎች የሞከርናቸው

«የማይታይ አገልጋይ» ለአንድ ሰዓት ይታዘዛል፤ ያጥባል፣ ያነጥፋል፣ እሳት ያነዳል፣ ምግብ ያቀርባል። ጉልበቱ 2 ነው፤ የተራ ሰው ጉልበት 10 ነው። አይዋጋም። ግን ሰዎቹ ርቀው ቆመው ወጥመድ ያለበትን ሣጥን ክዳን እንዲከፍት ሊልኩት ይችላሉ። ከ18 ሜትር በላይ ከራቀ ይጠፋል፤ ስለዚህ የት እንደሚቆሙ ማስላት አለባቸው።

«ማስጠንቀቂያ» በር ወይም መስኮት ላይ ተደርጎ ለ8 ሰዓት ይጠብቃል። ሁሉም ሰው በራሱ ድንኳን ዙሪያ ያደርገዋል። አንዲት ተጫዋች ግን በጠላት በር ላይ አደረገችው። ድምፁ ለእሷ ብቻ በአእምሮዋ እንዲሰማት መርጣ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ርቃ ተቀመጠች፤ ሰውየው መቼ እንደወጣ አወቀች።

«ከእንስሳት ጋር መነጋገር» ለ10 ደቂቃ ይቆያል። እንስሳት ባለፈው አንድ ቀን በአካባቢያቸው ያዩትን ሊናገሩ ይችላሉ። የገበያውን ሌባ ያገኘነው በአንድ አህያ ምስክርነት ነው። አህያው ስም አያውቅም፤ «ጫማው የሚጮኽ፣ ሽታው የቅርንፉድ» አለን። በቂ ነበር።

ለዕረፍት ጊዜ ሦስት እንቆቅልሾች

እንቆቅልሽ! «ምን አውቅልህ» ካላችሁ እነሆ። መልሱን ከእህት፣ ከወንድም ወይም ከወላጅ ጋር ፈልጉት።

አንድ። «መክፈቻ» የተባለው አስማት ከ18 ሜትር ርቀት የተቆለፈ በር ይከፍታል፤ ግን ከበሩ 90 ሜትር ድረስ የሚሰማ ኃይለኛ የማንኳኳት ድምፅ ይወጣል። አስማቱ እንዲወጣ ድምፅ ያስፈልገዋል። ጓደኛችሁ «ጸጥታ» አለው። ጸጥታው የት ይደረግ? እናንተስ የት ትቆማላችሁ?

ሁለት። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ጎተራ ከዳር እስከ ዳር እየተቃጠለ ነው። ያላችሁ አንድ ዝናብ ብቻ ነው፤ 9 ሜትር ይሸፍናል። ሰፈሩ በሙሉ ባልዲ ይዞ ቆሟል። ዝናቡን ከየትኛው ዳር ታስጀምራላችሁ? ባልዲዎቹንስ የት?

ሦስት። «መልእክት» የሚባለው ካንትሪፕ በ36 ሜትር ውስጥ ላለ አንድ ሰው ሹክሹክታ ያደርሳል፤ እሱም መመለስ ይችላል። 30 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ያግደዋል፤ እንጨት ግን 90 ሳንቲ ሜትር ካልሆነ አያግደውም። ቀጥ ብሎ መሄድም የለበትም፤ በማዕዘን ይዞራል። ጓደኛችሁ በወፍራም የድንጋይ ግንብ ውስጥ ታስሯል። በግንቡ ላይ ምን ትፈልጋላችሁ?

ክበቡ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በአራተኛ ክፍል መማሪያ ይሰበሰባል። እርሳስ ብቻ ይዛችሁ ኑ፤ ጣሳው እኛ ጋር አለ። አማርኛ የሚሰማ ግን መመለስ የሚያስቸግረውም ይምጣ። የሰባተኛ ክፍሏ አስማተኛ ዓመቱን የጀመረችው አንቀጾቹን በጣቷ እየተከተለች፣ ቃል በቃል እያነበበች ነበር። አሁን ሌሎቹ በስህተት ሲያነቡ የምታርማቸው እሷ ናት።

እኚያን እናት ደግሞ በትምህርት ዓመቱ መዝጊያ ልጃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ አገኘኋቸው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «ያ ሰሌዳ፣ የደረጃው መታጠፊያ ላይ እንዴት ይሆናል?» አሉኝ። ከ6 ሜትር በላይ ሲርቁ ይከተልዎታል አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው እኔ ከላይ ሆኜ እጠብቀዋለሁ» አሉ።